በመኪና ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ፍሪጅ፦ የትኛውን ልግዛ?

ፒያሳ ወይም መርካቶ ገብታችሁ «የመኪና ፍሪጅ አለ?» ብትሉ ሦስት አራት ዓይነት ይወጣላችኋል። ሁሉም ሳጥን ናቸው። ሁሉም የሲጋራ ማቀጣጠያ ላይ ይሰካሉ። ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ እጃችሁን እንድትከቱ ይጋብዛችኋል፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እንዲህ ሲሆን ሰው ርካሹን ቢያነሳ አይፈረድበትም።

ልዩነቱ የሚታየው ከከተማ ሲወጣ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ናት። ቀን ላይ ሱቅ ውስጥ ያለው ሙቀት ቢበዛ 22 ወይም 23 ዲግሪ ነው። እዚህ ማንኛውም ፍሪጅ ጎበዝ ይመስላል። አዋሽ ወርዳችሁ በ36 ዲግሪ ፀሐይ ላይ ስትቆሙ ግን ያው ሳጥን ወተቱን ያበላሸዋል፤ ባትሪውንም ጨርሶ ጠዋት መኪናው አልነሳ ይላል።

ይህ መመሪያ ዶልፊኑን ወይም አባዱላውን አልጋ አስገብቶ ቤተሰቡን ይዞ መውጣት ለሚፈልግ ነው። ላንድክሩዘር ይዘው እንግዳ ለሚያዞሩ አስጎብኚዎችም ይሆናል። የብራንድ ስም አልጠራም። ስም ከመጠየቅ ይልቅ የሚያዋጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህ ፍሪጅ በቀን ስንት ይበላል?»

መመዘኛዎቹ

አንደኛው የቀን ፍጆታ ነው። የሚለካው በዋት ሰዓት ነው። 50 ዋት የሚስብ ዕቃ ሳያቋርጥ 24 ሰዓት ከሠራ 1,200 ዋት ሰዓት ይበላል። ያው 50 ዋት የሚስበው ዕቃ ከአራት ደቂቃ አንዷን ብቻ ቢሠራ 300 ይበቃዋል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። እየቆመ እየተነሳ ይሠራል ወይስ ዝም ብሎ ይስባል? ዋናው እሱ ነው።

ሁለተኛው የቅዝቃዜው ዓይነት ነው። አንዳንዱ ፍሪጅ «5 ዲግሪ አድርስልኝ» ሲሉት ያደርሳል። ሌላው ግን ከውጭው ሙቀት ላይ የተወሰነ ዲግሪ ከመቀነስ በቀር አይችልም። ሥጋ፣ ወተትና አይብ ከ5 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለባቸው። ለስላሳ ብቻ ለምትይዙ 12 ዲግሪም ይበቃል።

ሦስተኛው የምትሄዱበት አገር ነው። ላንጋኖና ሐዋሳ ለብ ያሉ ናቸው፤ አርባ ምንጭ ይሞቃል፤ አዋሽና አፋር ያቃጥላሉ። ለእንጦጦ የሚበቃው ለአፋር አይበቃም።

አራተኛው ጠቅላላ ወጪው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፍሪጁን ዋጋ ብቻ ያያል። ብዙ የሚበላ ርካሽ ፍሪጅ ግን ትልቅ ባትሪ ይጠይቃል፤ ባትሪው ደግሞ ከፍሪጁ ሊበልጥ ይችላል።

አማራጮቹን አንድ በአንድ

*አይስ ቦክስ።* ባትሪ አይፈልግም፣ አይበላሽም። ባለ አንድ ሊትር ተኩል ሃይላንድ ላይ ውሃ ትንሽ አጉድላችሁ ትሞላላችሁ፣ ቤት በረዶ ቤት ውስጥ ታሳድራላችሁ፣ አራት አምስቱን ትከታላችሁ። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 93 ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይመጥጣል። ስለዚህ ሰባት ኪሎ በረዶ ቀላል አቅም አይደለም። ጥሩ ሳጥን ከሆነ ለአንድ አዳር ያደርሳችኋል። በጾም ወቅት የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ምን ይበላሻል? ሽሮ፣ አትክልት፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ... ለእነዚህ ፍሪጅ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ድክመቱ ሁለተኛው ቀን ላይ ይመጣል። በረዶው ያልቃል፣ ዕቃው ውሃ ውስጥ ይዋኛል።

*በፔልቲየር የሚሠራ ሳጥን።* ርካሹ «የመኪና ፍሪጅ» ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው። ኮምፕረሰር፣ ማለትም የቤት ፍሪጅን የሚያቀዘቅዘው ሞተር፣ የለውም። ውስጡ ያለች ትንሽ ሳህን ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት በአንድ ወገኗ ትቀዘቅዛለች፣ በሌላው ትግላለች። ከዚያ ፋን ሙቀቱን ያስወጣል። በዚህ መንገድ ከውጭው ሙቀት ላይ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ብትቀንስ ነው። ሒሳቡን ሥሩት። ፒያሳ ሱቅ ውስጥ 22 ዲግሪ ነው፤ 18 ሲቀነስ 4 ይሆናል። እጃችሁን ስትከቱ ደስ ይላል። አዋሽ 36 ነው፤ 18 ሲቀነስ 18 ይቀራል። ይህ ፍሪጅ አይባልም።

በዚያ ላይ አብዛኞቹ አያርፉም። ቀን ከሌት ከ40 እስከ 60 ዋት ይስባሉ። ባለ 70 አምፔር የመኪና ባትሪ ላይ ሰክታችሁት ብትተኙ ጠዋት ሞተሪኖው አይዞርም። ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ሞተር እየሠራ ቀዝቃዛ ለስላሳና ውሃ ቀዝቃዛ እንደሆነ ለማቆየት ጥሩ ነው። መኪናው ሲቆም ንቀሉት።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ክብደቱን አንሱ። 30 ሊትር ሆኖ በአንድ እጅ ብድግ የሚል ከሆነ፣ አራት አምስት ኪሎ ብቻ ከሆነ፣ ፔልቲየር ነው። ኮምፕረሰር ያለው ከአሥር ኪሎ በላይ ይመዝናል። «ሙቅ» እና «ቀዝቃዛ» የሚል ማብሪያ ካለውም አብዛኛውን ጊዜ ፔልቲየር ነው። ስትሰኩት የፋን ድምፅ ብቻ ከሰማችሁ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም።

*በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ ኮምፕረሰር።* የቤት ፍሪጅ አሠራር በመኪና ኤሌክትሪክ ማለት ነው። የፈለጋችሁትን ዲግሪ ትሞሉለታላችሁ፤ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ ሲሞቅ ይነሳል። 40 ሊትሩ ሲሠራ ከ40 እስከ 60 ዋት ይስባል፤ የሚሠራው ግን የቀኑን ከፊል ሰዓት ብቻ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ አየር በቀን ከ250 እስከ 350 ዋት ሰዓት ይበቃዋል። ቆላ ሲወርድ ከ450 እስከ 600 ይደርሳል። ከፔልቲየሩ ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ቆላ ላይ ከሁለት እጥፍ በላይ፣ ደጋ ላይ አራት እጥፍ ያህል ነው፤ ደግሞ ይሄኛው በእርግጥ ያቀዘቅዛል። ብዙዎቹ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ድረስ ስለሚወርዱ ሲመለሱ ከዝዋይ ቆሮሶ ዓሣ ገዝቶ ቤት ድረስ ማምጣት ይቻላል።

ክዳኑ ከላይ የሚከፈተውን ምረጡ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ከፊት በር ያለውን በከፈታችሁት ቁጥር ቅዝቃዜው እግራችሁ ላይ ይፈሳል። ከላይ የሚከፈተው ግን እዚያው ይዞት ይቆያል። መጠኑን ደግሞ አታግንኑት። ለአራት ሰው ቤተሰብ 40 ሊትር ለቅዳሜና እሁድ ይበቃል። ሌላ የሚታይ ነገር፦ 12ም 24ም ቮልት የሚቀበል መሆኑን አረጋግጡ። አይሱዙና አንዳንድ ላንድክሩዘሮች 24 ቮልት ናቸው።

ዋጋው ይከብዳል። እውነት ነው። ግን መብራት በጠፋ ቀን ቤት ውስጥም የሚሠራ ዕቃ ነው። የበዓል ሥጋ ገዝቶ መብራት የጠፋበት ሰው የዚህን ጥቅም ያውቃል።

*በጋዝ የሚሠራ።* በጋዝም፣ በ12 ቮልትም፣ በ220ም ይሠራል ይባላል። በጋዝ ሲሠራ ድምፅ የለውም፣ ባትሪ አይነካም። ለእኛ አገር ግን አልመክረውም። እሳቱ አየር ይፈልጋል፤ የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ደግሞ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ደጋ ላይ እሳቱ ይዳከማል፣ ጥላሸት ያበዛል፣ ይጠፋል። መኪናው ካዘነበለ በደንብ አያቀዘቅዝም። በባትሪ ካደረጋችሁት ደግሞ 100 ዋት ያህል ሳያርፍ ይስባል፤ በቀን ከ2,000 ዋት ሰዓት በላይ ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ሰው በሚተኛበት ጠባብ ቦታ ጋዝ ማንደድ ሕይወት ያስከፍላል። የከሰል ጭስ የሚገድለው በምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የዚህም አደጋ ያው ነው።

*ትንሽ የቤት ፍሪጅ ከኢንቨርተር ጋር።* «ቤት ያለችኝን ትንሿን ፍሪጅ ልጫናት» የሚል ብዙ ነው። ይቻላል። ግን ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይር ዕቃ፣ ያስፈልጋል። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ስለዚህ 100 ዋት ለምትበላ ፍሪጅ 1,000 ዋት ኢንቨርተር ልትፈልጉ ትችላላችሁ። እሱም እንደ ቤት መብራት የተስተካከለ ኃይል የሚሰጠው፣ «ፒዩር ሳይን» የሚባለው መሆን አለበት። ርካሾቹ ኮምፕረሰሩን ያግሉታል። ኢንቨርተሩ ራሱ ፍሪጁ ባረፈበት ሰዓት ሳይቀር ይበላል። ሁሉ ተደምሮ በቀን ከ700 እስከ 900 ይገባል። የኮረኮንች መንገድ ንቅንቅ ደግሞ የቤት ፍሪጅ የተሠራለት አይደለም።

| አማራጭ | የቀን ፍጆታ በደጋ | የቀን ፍጆታ በቆላ | በ36 ዲግሪ ያቀዘቅዛል? | የመግዣ ዋጋ | የሚፈልገው ባትሪ |
|---|---|---|---|---|---|
| አይስ ቦክስ | የለም | የለም | አንድ ቀን ገደማ | ዝቅተኛ | የለም |
| ፔልቲየር | 1,000–1,400 ዋት ሰዓት | ያው | አያቀዘቅዝም | ዝቅተኛ | በጣም ትልቅ |
| ኮምፕረሰር፣ 40 ሊትር | 250–350 | 450–600 | አዎ | ከፍተኛ | መካከለኛ |
| ጋዝ፣ በባትሪ ሲሠራ | ከ2,000 በላይ | ከ2,000 በላይ | ይዳከማል | ከፍተኛ | የማይሞከር |
| የቤት ፍሪጅና ኢንቨርተር | 700–900 | ይጨምራል | አዎ | መካከለኛ | ትልቅ |

ኃይሉን ከየት እናምጣ?

የመኪናው የራሱ ባትሪ የተሠራው ለቅጽበት ብዙ ኃይል ሰጥቶ ሞተር እንዲያስነሳ ነው። ቀስ በቀስ ተጎርሶ ባዶ ሲሆን ውስጡ ይጎዳል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረጋችሁት ሶማሌ ተራ ወይም ሌላ ቦታ ባትሪ ልትገዙ ነው። ባለ ኮምፕረሰሩን ለአንድ አዳር ብቻ፣ ባትሪው አዲስ ከሆነ፣ በእሱ ማሳደር ይቻላል። አብዛኞቹ ፍሪጆች ባትሪው ሲወርድ ራሳቸውን የሚያጠፉበት ሦስት ደረጃ አላቸው። መኪናው ባትሪ ላይ ስትሰኩ ከፍተኛው ላይ አድርጉት። ያኔ ፍሪጁ ቀድሞ ይጠፋል፣ ሞተሩ ግን ይነሳል።

ሁለተኛ ባትሪ ማስገባት የተሻለ ነው። አሲድ ወይም ደረቅ ባትሪ ከሆነ ከግማሹ በላይ አትጠቀሙበት። ባለ 100 አምፔር ስሙ 1,200 ዋት ሰዓት ቢሆንም የእናንተ 600ው ብቻ ነው። ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ ነው። በአሲድ የሚሞላውን ሰው በሚተኛበት አታስገቡ፤ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል።

ሊቲየም ስንል ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው። ያው 100 አምፔር ከ1,000 ዋት ሰዓት በላይ ይሰጣችኋል፣ ክብደቱ 12 ኪሎ ገደማ ነው። አሲድ ባትሪ ጥቂት መቶ ጊዜ ተሞልቶ ሲደክም ይሄ ከ2,000 ጊዜ በላይ ይቆያል። ሲገዛ ይወደዳል፤ በዓመታት ሲካፈል ግን ይረክሳል። ሁለት ጥንቃቄ አለ። ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም፤ ይህ ባሌ ሳነቴ ሜዳ ወይም ስሜን ተራራ ላይ ለሚያድር ሰው ነው። ሌላው፣ በቀጥታ ከዲናሞው ጋር አታገናኙት። ብዙ ስለሚስብ ዲናሞውን ያግለዋል፤ በተለይ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ። በመሃል ከዲናሞው የሚመጣውን ኃይል መጥኖ ባትሪውን የሚሞላ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ይግባ። ባለ 30 አምፔሩ በአንድ ሰዓት ጉዞ 350 ዋት ሰዓት ያህል ይሞላል። ላንጋኖ እስክትደርሱ ባትሪው ይጠግባል። ከሜክሲኮ መስቀል አደባባይ መንገድ ተዘግቶባችሁ የምትቆሙበትን ሰዓት ግን አትቁጠሩት።

ፓወር ስቴሽን የሚባለው፣ ባትሪና ኢንቨርተር በአንድ ላይ የያዘው ተንቀሳቃሽ ሳጥን መኪናቸውን መበሳት ለማይፈልጉ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር፣ ግቢው ውስጥ መኪናው አጠገብ ሶኬት የሌለው ሰው ይዞት ይወጣል፣ ቤቱ ይሞላል፣ ይዞት ይወርዳል። ባለ 500 ዋት ሰዓቱ ለአንድ ቀን፣ ባለ 1,000ው ለሁለት ሦስት ቀን ባለ ኮምፕረሰሩን ይይዛል። ፍሪጁን ግን በ12 ቮልቱ ቀዳዳ ስኩት። በ220ው ካደረጋችሁት ኢንቨርተሩ በከንቱ ይበላል።

ሶላር? መኪና ጣሪያ ላይ በጠፍጣፋው የተቀመጠ 100 ዋት ፓኔል ከመስከረም በኋላ ባለው በጋ በቀን ከ350 እስከ 400 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ማዘንበል አያስፈልገውም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሲሶውን፣ በደመናው ቀን ከዚያም በላይ ታጣላችሁ። መሃል ከተማ ሕንፃ ሥር የምታቆሙ ከሆነ ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ ምንም አያገኝም። ሶላር የሚጠቅመው አንድ ቦታ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ለሚያርፍ ነው። በየቀኑ ለሚነዳ አስጎብኚ ዲናሞው ይበቃዋል።

ለእናንተ የትኛው?

በዓመት ጥቂት ጊዜ ለአንድ አዳር የምትወጡ ከሆነ ጥሩ አይስ ቦክስ ግዙ፣ የቀረውን ገንዘብ ለጎማ አስቀምጡ።

ቅዳሜና እሁድ ልጆች ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ 40 ሊትር ኮምፕረሰርና ከ500 እስከ 1,000 ዋት ሰዓት ያለው ፓወር ስቴሽን ይሁን። በጀቱ ለሁለቱም ካልበቃ መጀመሪያ ፍሪጁን ግዙ። ባትሪ በኋላ ይጨመራል፤ መጥፎ ፍሪጅ ግን በባትሪ አይታረምም።

እንግዳ ይዛችሁ አፋር ድረስ የምትወርዱ አስጎብኚዎች ከ45 እስከ 60 ሊትር ኮምፕረሰር፣ ባለ 100 አምፔር ሊቲየምና ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ያስፈልጋችኋል። ቫኑ ውስጥ ሳምንታት ለሚኖር ደግሞ በዚህ ላይ 200 ዋት ሶላር ይጨመር።

ኢንሱሊን የሚይዝ ሰው ካለ ነገሩ ይለያል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ከቀዘቀዘም በኋላ በረዶ ከሠራ ይጣላል። ባለ ኮምፕረሰር ፍሪጅ ግድግዳው አጠገብ ከመሃሉ ይልቅ ይቀዘቅዛል። መድኃኒቱን በፎጣ ጠቅልላችሁ መሃል ላይ አድርጉ፣ ትንሽ ቴርሞሜትር አጠገቡ አስቀምጡ፣ ፍሪጁን 5 ላይ ሙሉት።

ገመዱን አትናቁ

ጥሩ ፍሪጅ ተገዝቶ «ይጠፋብኛል» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በሽቦ ምክንያት ነው። ባትሪው ከፊት ነው፣ ፍሪጁ ከኋላ፤ አምስት ሜትር ገደማ ነው። ሄዶ ሲመለስ አሥር ሜትር ይሆናል። 5 አምፔር በባለ 1.5 ሽቦ ሲሄድ 0.6 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው 12.3 ቢሆንም ፍሪጁ 11.7 ያያል፤ «ባትሪው አለቀ» ብሎ ይጠፋል። በባለ 6 ሽቦ ግን የሚጠፋው 0.15 ብቻ ነው። የሲጋራ ማቀጣጠያው ሽቦ ቀጭን ነው፤ ብዙ መኪና ላይ ደግሞ ቁልፉ ሲነቀል ይቋረጣል። ስለዚህ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ሂዱና ባለ 6 ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ያስዘርጉ፤ ባትሪው አጠገብ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ይግባበት። ያለ ፊውዝ ወለል ሥር የተዘረጋ ሽቦ መኪና ያቃጥላል።

አጠቃቀሙም ፍጆታውን ይቀይረዋል። ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ማታ ፍሪጁን ቤት በ220 አቀዝቅዙት፤ ዕቃውም ቀዝቅዞ ይግባ። ትኩስ ዶሮ ወጥ እንዳትከቱ። ቀን ላይ ክዳኑን በጋቢ መሸፈን ይጠቅማል፤ በጎኑ ያለው የአየር መውጫ ግን ክፍት ይሁን፣ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ተውለት።

ልትገዙ ስትሄዱ የዲሲ አምፔር የሚለካ መቆንጠጫ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይዛችሁ ሂዱ። ፍሪጁ በ12 ቮልት ይሰካ፣ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ይግባበት፣ አንድ ሰዓት ይሥራ። ሲነሳ ስንት አምፔር ሳበ? 4 ወይም 5 ከሆነ ደህና ነው። የሞላችሁት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ቆመ? ካልቆመ ኮምፕረሰርም ቢኖረው ችግር አለበት። ሊቲየም ባትሪ ከሆነ የምትገዙት ሚዛን ላይ አውጡት፤ 100 አምፔር ተብሎ ሰባት ስምንት ኪሎ ከመዘነ የተጻፈውን ያህል አልያዘም። ሻጩ ይህን መፈተን ካልፈቀደ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ግቡ።